የእስስቴ ዓይን ጎድጉዷል፤ ውሃ አንሷት ይሆን?

መነሻ ጽሑፍ

ዓመት ከስምንት ወር የሆናት አንዲት የየመን እስስት አለችኝ። ዝርያው በየመንና በሳዑዲ ዐረቢያ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው፣ ራሱ ላይ እንደ ቆብ ከፍ ያለ አጥንት ያለው ነው። ባለፉት አራት ቀናት ያየሁባትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥና የምታውቁ እንድትመክሩኝ እለምናለሁ። መጀመሪያ የታየኝ ዓይኗ ነው። የእስስት ዓይን እንደ ትንሽ ጉልላት ወደ ውጭ የወጣ፣ በቆዳ የተሸፈነና ጫፉ ላይ ብቻ ቀዳዳ ያለው መሆኑን ታውቃላችሁ፤ የእሷ ጉልላት ግን ዙሪያው ሰርጉዶ ከበስተኋላው የምስር ፍሬ የሚያህል ጥላ ወድቆበታል። ቀጥሎም እኩለ ቀን ላይ ዓይኗን ጨፍና ቅርንጫፍ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ትናንት የጣለችው ኩስ ደግሞ ነጭ መሆን የነበረበት ክፍሉ ብርቱካንማ ሆኖ፣ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ኖራ ተፈረካከሰ። በ15 ቀን ውስጥ ክብደቷ ከ112 ግራም ወደ 101 ግራም ወርዷል።

ማቆያዋ በአራቱም ጎን የሽቦ ወንፊት ነው። ጠዋትና ማታ ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ ቅጠሉ ላይ ውሃ እረጫለሁ። ከታች ሁልጊዜ ንጹሕ ውሃ ያለበት ሳህን አለ፤ ከእሱ ስትጠጣ ግን አይቼ አላውቅም። የእርጥበት መለኪያው ቀን ቀን 24 በመቶ ያሳያል፤ መብራቱ ሥር ያለው ሙቀት 36 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህ የሰውነት ፈሳሽ ድርቀት ነው ወይስ ሌላ ሕመም? ድርቀት ከሆነስ በስሪንጅ ውሃ አፏ ውስጥ ብጨምርላት ይሻላታል?

ምላሾቹን ከዚህ በታች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር እተርካለሁ። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተከታተሉት ምላሾች፣ ረጅም ነው፤ መሀሉ ላይም ጭቅጭቅ አለበት። ነገ ተመሳሳይ ነገር የሚገጥመው ሰው በጭቅጭቁ ተሰላችቶ የሚያስፈልገውን ሳያገኝ እንዳይመለስ ብዬ ነው።

ምላሽ 1 የመጣው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነበር። ጸሐፊው በትሕትና ሰላምታ ከሰጠ በኋላ፣ ሳህኑ ለእኔ ውሃ ቢሆንም ለእስስቷ ውሃ እንዳልሆነ ነገረኝ። እስስት በተፈጥሮዋ ከቅጠል ላይ ጤዛና የዝናብ ጠብታ የምትልስ እንስሳ ስለሆነች፣ የቆመ ውሃ ብዙውን ጊዜ ዓይኗን አይስበውም፤ የሚስባት የሚያብረቀርቅና የሚወርድ ጠብታ ነው። ሠላሳ ሰከንድ መርጨትም ቅጠሉን ከማራስ አያልፍም፤ ብዙ እስስቶች ርጭቱ ከጀመረ አምስት ወይም ዐሥር ደቂቃ እስኪያልፍ ድረስ ምላሳቸውን አያወጡም፤ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ካፈጠጠባቸው ደግሞ ጭራሽ ላይጠጡ ይችላሉ አለ። በመጨረሻም በቀን ብርሃን የተነሣ ፎቶ እንድልክ ጠይቆኝ፣ ወለሉን ትቧጥጥ እንደሆነ አይቼ እንድነግረው አሳሰበኝ። ይህችን የመጨረሻ ጥያቄ ያን ዕለት ችላ ብዬ አለፍኳት፤ አለማለፍ ነበረብኝ።

ምላሽ 2 ከልብ የመነጨ ግን አደገኛ ምክር ነበር። ጸሐፊዋ የእሷም እስስት እንዲሁ ዓይኑ ጎድጉዶ እንደነበር፣ አፉን ከፍታ በስሪንጅ አምስት ሚሊ ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ እንዳጠጣችውና በማግስቱ እንደተነሣ ተረከች። ምላሽ 3 ግን ወዲያው ተከትሎ ጠንከር ባለ ቃል ያዛት። የእስስት የአየር ቧንቧ መክፈቻ የሚገኘው ጉሮሮ ውስጥ በጥልቀት ሳይሆን እዚያው አፍ ውስጥ በቅርብ ስለሆነ፣ በግፊት የገባ ውሃ በቀላሉ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ የደከመ እንስሳ ደግሞ ውሃውን የሚተፋበት አቅም የለውም። ከዚያ የሚከተለው የሳንባ ምች ነው፤ የሚታየውም ከቀናት በኋላ ስለሆነ ባለቤቱ ከውሃው ጋር አያያይዘውም አለ። የአንዱ እስስት መትረፍ ዘዴውን ትክክል አያደርገውም ብሎም ጨመረበት። አነጋገሩ የበዛ ቁጣ ነበረበት፤ ፍሬ ነገሩ ግን ትክክል ነው። ስሪንጁን መጠቀም የሚቻለው ውሃውን አንድ በአንድ ከከንፈሯ ጠርዝ ወይም ከአፍንጫዋ ጫፍ ላይ እያንጠባጠቡ፣ እሷ ራሷ እየላሰች እስከ ዋጠች ድረስ ብቻ ነው፤ መላስ ካቆመች መቆም ነው።

ምላሽ 4 ድርቀት የሚለውን ቃል የሆድ ድርቀት አድርጎ ስለተረዳው የወይራ ዘይት እንድሰጣት መከረ። ስህተቱ የእኔም ነው፤ በቋንቋችን አንዱ ቃል ለሁለቱም ስለሚያገለግል ርእሱ ላይ ግልጽ ማድረግ ነበረብኝ። ምላሽ 5 ይህን በጨዋነት አረመና፣ ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ ቢሆኑም ዝምድና እንዳላቸው አስረዳ። ሰውነቷ ውሃ ሲያጥረው አንጀቷ ከኩሱ ላይ ያለውን እርጥበት ሁሉ ይመጥጣል፤ ኩሱ ይጠጥርና መውጣት ያስቸግረዋል። ስለዚህ የሆድ ድርቀቱ የፈሳሽ እጥረቱ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም ዘይት ሳይሆን ውሃ ነው። ዘይት ወደ ሳንባ ከገባ ከውሃ የባሰ ጉዳት እንደሚያደርስም አስጠነቀቀ።

ከሁሉም ብዙ የተማርኩበት ምላሽ 6 ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እተርከዋለሁ። ጸሐፊው ዓይንን ትቶ ስለ ኩሱ ጻፈ። የእኛ ሰውነት ከፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን ዩሪያ አድርጎ በብዙ ውሃ በጥብጦ ያስወግደዋል። እስስት ግን እንደ ወፎች ሁሉ ዩሪክ አሲድ አድርጋ፣ ጠጠር ባለ ነጭ ልቁጥ መልክ ታስወጣዋለች፤ ይህም ውሃ ለመቆጠብ የተሰጣት ትልቅ ችሎታ ነው። የጥቁር ቡናማው ኩስ ጎን ተለጥፎ የሚወጣው ነጭ ነገር እሱ ነው። በቂ ውሃ ያላት እስስት ነጩ ክፍል ነጭና ለስላሳ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ መታየቱም አያስደነግጥም። ቢጫው ግማሹን ሲይዝ ውሃ እያነሳት ነው። ሙሉ በሙሉ ብርቱካንማ ሆኖ ሲደርቅ ደግሞ እጥረቱ ጥቂት ቀናትን እንዳስቆጠረ ይናገራል። አረንጓዴ ከሆነ ነገሩ ከውሃ ያለፈ ስለሆነ ጉበቷን ወይም ረሃቧን መጠርጠር ይገባል አለ። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ቀለም እንዳያሳስተንም፣ ወለሉ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፈን ትኩሱን ኩስ እንድንመለከት መከረ፤ መብራት ሥር ሰዓታት የቆየ ኩስ ነጭ የነበረውም ይደርቃልና።

ጸሐፊው አንድ ነገር አጥብቆ ጻፈ፤ እኔም አብሬው አጥብቄ እላለሁ። የዓይን መጎድጎድ ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው። ከዓይን ኳስ በስተኋላ ያለው ሕብረ ሕዋስ ፈሳሹን ሲያጣ ጉልላቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ነጩ ክፍል ቀድሞ ቢጫ ሆኗል፤ ምራቋ ወፍሮ እንደ ክር የሚሳብ ሆኗል፤ ምላሷን ወርውራ ፌንጣውን ስታለች ሰንብታለች፤ ሚዛኑም ወርዷል። ዓይኗ እስኪጎድጉድ የጠበቀ ሰው ብዙ ቀን ዘግይቷል። እኔ ዘግይቻለሁ። ወደ ኋላ ተመልሼ ሳስብ፣ ዓይኗን ከማየቴ ከሳምንት በፊት ሁለት ጊዜ ምላሷን ወርውራ ሁለቱንም ጊዜ ፌንጣውን ሳትይዝ ስትቀር አይቼ፣ ጠግባለች ብዬ አልፌ ነበር።

ምላሽ 7 ሚዛናዊ ነበር። ሴትየዋ ለዓመታት የማዳጋስካርን ፓንተር እስስት ያሳደጉ ናቸው። የጎደጎደ ዓይን ሁሉ የውሃ ጥማት አይደለም ብለው ጻፉ። እስስት ዓይኗን ስታጸዳ ጉልላቱን ወደ ውስጥ ስባ፣ ወዲያ ወዲህ አገላብጣ፣ ቅርንጫፍ ላይ ታሸዋለች፤ ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። በእጅ ስትያዝና ስትፈራም ትሰበስበዋለች። በሌላ በኩል ከባድ ሕመም፣ የትል ብዛት ወይም የኩላሊት መድከም ያለባት እስስት ውሃ እየጠጣችም ዓይኗ ጎድጉዶ ሊቆይ ይችላል። የቫይታሚን ኤ እጥረት ግን ብዙውን ጊዜ የዓይኑን ዙሪያ ያሳብጠዋል እንጂ አያጎደጉደውም። መለያቸው ቀላል ነበር፦ ሁለቱም ዓይኖች ጎድጉደው፣ ለሰዓታት ቆይተው፣ ነጩም ክፍል ብርቱካንማ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሃ ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ ከሆነ ዓይኑን ራሱን መመርመር ነው። ቀን ቀን ዓይን መጨፈን ግን በየትኛውም ምክንያት ይሁን ከባድ ምልክት ስለሆነ ሐኪም ሳላይ እንዳላድር አጥብቀው አሳሰቡኝ።

ምላሽ 8 ቆዳዋን ቆንጥጬ እንድለቅና ቶሎ መመለስ አለመመለሱን እንዳይ መከረ፤ በውሻ ላይ እንዲህ እንደሚደረግ አይቷል። ምላሽ 9 የእስስት ቆዳ በጤናዋም ልልና እጥፋት ያለው ስለሆነ ምርመራው ብዙ እንደማይነግረን፣ መቆንጠጡም ለደከመች እንስሳ ጭንቀት ከመጨመር ሌላ ጥቅም እንደሌለው በአጭሩ መለሰ። በጎኗ ላይ ሳትያዝ በራሱ ተጨማድዶ የሚቆይ እጥፋት ካለ ግን ምልክት ነው።

ምላሽ 10 ዘዴውን ሰጠኝ። ትልቅ ቅጠላ ቅጠል ያለው ተክል፣ ለምሳሌ ፊከስ፣ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ አስገብቼ እስስቷን እላዩ ላይ እንዳሳርፍ፣ ሻወሩን ወደ ግድግዳው አዙሬ ለብ ያለ ውሃ እንድከፍት ነገረኝ። ውሃው ግድግዳውን መትቶ እንደ ካፊያ ሲመለስ ቅጠሉ ላይ ይወርዳል፤ ቀጥታ እሷን ከመታት ግን ትደነግጣለች። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይቆያል። ውሃው በድንገት ሊሞቅ ወይም ሊቀዘቅዝ ስለሚችል ለአፍታም ትቻት እንዳልወጣ፣ ሙቀቱን በእጄ አንጓ እየለካሁ እንድቀመጥ አደራ አለኝ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሻከረ። ምላሽ 11 ሻወር ጊዜ ማባከን ነው፣ ለብ ያለ ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ ይበልጣል፣ እንሽላሊት ሁሉ በዚያ ይድናል ብሎ ጻፈ። ምላሽ 12 እስስት የዛፍ እንስሳ እንደሆነች፣ እግሯ ቅርንጫፍ ለመጨበጥ የተሠራ እንጂ ለመዋኘት እንዳልሆነ፣ ውሃ ውስጥ የምትከፍተው አፍ የድንጋጤ እንጂ የመጠጣት እንዳልሆነ ዘርዝሮ፣ የሚያውቁትን እንስሳ ሕግ በማያውቁት ላይ መጫን ይብቃ አለ። 11ኛው መላሽ በምላሽ 13 ተመልሶ መጣ፤ ስድብ ቀረሽ ቃል ስለነበረበት ይዘቱን አልደግመውም። በእኔ ፍርድ 12ኛው ልክ ነው። ውሃ የሚያስፈልጋት በአፏ ነው፤ ሰውነቷን ማራስ ጥማትን አያርቅም፣ ድንጋጤው ግን የቀራትን አቅም ይጨርሳል።

ምላሽ 14 የራሴ ነበር፤ የመታጠቢያ ክፍሉን ውጤት ጻፍኩ። ፊከሱ ላይ አሳርፌያት ውሃውን ከከፈትኩ በኋላ ዐሥራ ስድስት ደቂቃ ያህል አልተንቀሳቀሰችም። ቀለሟ ጠቁሮ ነበር። ከዚያ አንዲት ጠብታ ከላይኛው ቅጠል ተንሸራታ ራሷ ላይ ካለው ቆብ ጫፍ ላይ አረፈችና፣ በግንባሯ በኩል ወርዳ ከላይኛው ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ተንጠለጠለች። አገጯ ተንቀጠቀጠ። ምላሷ ጫፉ ብቻ ብቅ ብሎ ጠብታዋን ወሰዳት። ለረጅም ጊዜ ሌላ ነገር አልሆነም፤ ቀጥሎ ፊቷ ያለውን ቅጠል በቀስታ መላስ ጀመረች፤ በየልሰቱም ራሷን ቀና አድርጋ ስትውጥ ጉሮሮዋ ሲወጣና ሲወርድ ይታየኝ ነበር። ሃያ አራት ደቂቃ ጠጣች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ዓይን ለዓይን እንዳንጋጠም ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ነበር። ማታ ሲሆን የግራ ዓይኗ በከፊል ሞላ፤ ቀኙ ግን እንደ ጎደጎደ አደረ።

ምላሽ 15 ስኳርና ጨው በጥብጬ ወይም የስፖርተኞች መጠጥ እንድሰጣት መከረ። ይህን ተከትሎ በምላሽ 16 የሚሳቢ እንስሳት ሕክምና ላይ የሚሠሩ አንዲት ሐኪም ገቡ። ከዚያ በኋላ የክሩ አነጋገር ለተወሰነ ጊዜ ጨዋ ሆነ። ዶክተሯ የስፖርተኞች መጠጥ ስኳሩ የበዛና ለሰው ላብ የተመጠነ ስለሆነ እንደማይሆን፣ በቤት የተበጠበጠውም መጠኑ ከተሳሳተ ጨው የበዛበት ውሃ ከሰውነቷ ውሃ እንደሚስብ ገለጹ። በአፍ ለሚሰጥ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። እንስሳዋ ራሷ የማትልስ ከሆነ ወይም ዓይኗን ከጨፈነች ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ ሐኪሙ ለብ ያለ ፈሳሽ ከቆዳ ሥር ወይም በሆድ ክፍተት ውስጥ በመርፌ ይሰጣል። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ባለው ውስጥ ነው። የእኔን እስስት ክብደት ወስደው አሰሉት፦ 101 ግራም ለሆነች እንስሳ በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር ቢታሰብ በቀን ሁለት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ይህን ሳነብ 2ኛዋ መላሽ በአንድ ጊዜ ያጠጣችው አምስት ሚሊ ሊትር ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

ዶክተሯ ቅደም ተከተልም ሰጡ። መጀመሪያ ሙቀቷን ማስተካከል ነው፤ የቀዘቀዘች እስስት ውሃውን በአግባቡ አትጠቀምበትም፣ ከመጠን በላይ የሞቀችም በትንፋሿ ታጣዋለች። ለሴት የየመን እስስት መብራቱ ሥር ከ27 እስከ 30 ዲግሪ በቂ ስለሆነ የእኔ 36 ራሱ አንዱ የድርቀት ምንጭ ነበር። ሁለተኛው ውሃው ነው። ምግብ የመጨረሻው ነው፤ ሰውነቷ ደርቆ ሳለ በግድ ማብላት፣ በተለይ ፕሮቲን፣ ዩሪክ አሲዱን ጨምሮ በደከመው ኩላሊት ላይ ሸክም ይጭናል። የምትበላ ከሆነ ግን ነፍሳቱ ራሳቸው ውሃ ይዘው ይምጡ፤ የትንባሆ ትል ከክብደቱ 85 በመቶ ገደማው ውሃ ነው፣ የሐር ትልም ለዚህ የተመቸ ነው። ፌንጣም ቢሆን ከመሰጠቱ በፊት እርጥብ ቅጠል ሲበላ የዋለና ደረቅ ምግብ ብቻ ሲቆረጥም የከረመ አንድ አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው ምላሽ 17 የክሩን መንገድ ለወጠው። የመጀመሪያው መላሽ ነው፤ ጥያቄውን እንዳልመለስኩለት በትዕግሥት አስታውሶ፣ ወለሉን ትቧጥጣለች ወይ ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። ሄጄ አየሁ። የማቆያው ጥግ ላይ ያለው ንጣፍ በጥፍር ተጭሮ ነበር። በምላሽ 18 ይህን ጻፍኩ፤ ወንድ አብሯት ኖሮ እንደማያውቅም ጨመርኩ። ምላሽ 19 የዶክተሯ ነበር፣ አጭርም ነበር። የየመን እስስት ወንድ ሳያገኛት እንቁላል ትይዛለች፤ እንቁላሉ አይፈለፈልም እንጂ ተሠርቶ መውጣት አለበት። በርከት ያለ እንቁላል ስትሠራ ከሰውነቷ ብዙ ውሃና ካልሲየም ይወስድባታል፤ የምትቆፍርበት አፈር ካጣች ደግሞ ይዛው ትቆያለች፤ መያዙ ይገድላታል። የጎደጎደ ዓይን፣ የቀን እንቅልፍና የወለል ላይ ዙረት ሦስቱ በአንድ ላይ ሲገኙ ውሃ ብቻ ሰጥቶ መጠበቅ አይቻልም፤ ዛሬውኑ ራጅ ትነሣ አሉ።

እኔ ወደ ሐኪም ስሄድ ክሩ ያለ እኔ ቀጠለ። ከምላሽ 20 እስከ 23 ያለው በጉም ማመንጫ ላይ የተነሣ ክርክር ነው። አንደኛው ወገን ማቆያዬ 24 በመቶ እርጥበት ካሳየ ቀኑን ሙሉ ጉም ይነፋበት አለ። ሌላኛው ወገን ሞቃት፣ እርጥብና የታፈነ አየር አንድ ላይ ሲገናኙ የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን እንደሚጠሩ፣ እስስቶች በብዙ ስፍራ ጉምና ጤዛ የሚያገኙት ቀዝቀዝ ባለው ሌሊት እንደሆነ፣ ስለዚህ ቀን ከ30 እስከ 50 በመቶ በቂ ሆኖ እርጥበቱ ሌሊት ከ75 በመቶ በላይ ይውጣ ብሎ ተከራከረ። በቀዝቃዛና እርጥብ አየር ውስጥ የምትተነፍስ እንስሳ በትንፋሿ የምታጣው ውሃ ያንሳል፤ ንጋት ላይ ቅጠሉ ጤዛ ይዞ ስለሚያድር የመጀመሪያውን መጠጥ ሳይታይ ታገኛለች። እኔ ከሁለተኛው ወገን ጋር ነኝ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፤ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘና አየሩ ካልተንቀሳቀሰ ጉሙ ጠቃሚ መሆኑ ይቀራል። በዚህ መሀል ፏፏቴ መሰል ጌጥ ማቆያ ውስጥ እንዲገባ የመከረ ሰው ነበር፤ የሚዞረው ውሃ ኩስ ስለሚገባበት ለባክቴሪያ መራቢያ እንደሚሆን ሁለቱም ወገኖች ተስማምተው መለሱለት። በዚያ ቀን የተስማሙበት ብቸኛው ነገር እሱ ነበር።

ምላሽ 24 ከርእሱ ወጣ ብሎ ስለ ምላስ አወራ። የእስስት ምላስ ጫፍ የሚያመነጨው ልቁጥ ከሰው ምራቅ 400 እጥፍ ገደማ የወፈረ መሆኑን በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየ ጽፎ፣ ውሃ ያጠራት እስስት ፌንጣ የማትይዘው ለዚህ ይሆን ብሎ ጠየቀ። ምላሽ 25 ሐሳቡ ደስ እንደሚል፣ ሆኖም የምላስ መሳት የጡንቻ ድካምን፣ የካልሲየም እጥረትንና የዓይን ሕመምንም ሊያመለክት ስለሚችል ለብቻው ማስረጃ እንደማይሆን አሳሰበ። ምላሽ 26 ደግሞ ከጫካ ተይዘው የሚሸጡ እስስቶችን ጉዳይ አነሣ። አብዛኞቹ የእስስት ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግዳቸውን በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አባሪ 2 ውስጥ እንደሚገኙ፣ በሕግ የመጡትም ቢሆኑ በጉዞ ቀናት ውሃ ሳያገኙ ስለሚደርሱ ገና ከሳጥን ሲወጡ የደረቁና ትል የበዛባቸው እንደሆኑ ጻፈ። ከዚያ ተሻግሮ እንዲህ ያለ ስስ እንስሳ ማንም ሰው ቤቱ ሊይዝ አይገባውም፣ ጠያቂዋም ጥፋተኛ ናት አለ። ስድቡን ተቀበልኩት፤ ምክንያቱም ዐሥራ አንድ ግራም እስኪወርድ ድረስ አላየሁም።

ምላሽ 27 ዝም ያሰኘን ነው። የፓንተር እስስት አሳዳጊዋ ሴት ተመልሰው መጥተው ስላጡት እስስት ጻፉ። ዓይኑ ጎድጉዶ አያውቅም ነበር። ይጠጣ ነበር፤ ሁልጊዜ ግን ትንሽ ብቻ። ነጩ ክፍል ለወራት ቢጫ ሆኖ ኖረ፤ እሳቸውም የእሱ ተፈጥሮ ነው ብለው ለመዱት። አንድ ቀን የፊት እግሩ መገጣጠሚያ አብጦ ቅርንጫፍ መጨበጥ አቃተው። ሐኪሙ ሪህ መሆኑን ነገራቸው፤ ኩላሊቱ ማስወገድ ያልቻለው ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያውና በውስጥ አካሉ ላይ እንደ ደቃቅ ጠጠር ተከማችቷል። ከዚያ በኋላ የተሰጠው ፈሳሽ ሁሉ ኩላሊቱን አልመለሰውም። እሳቸው የጻፉት ማንንም ለማስደንገጥ እንዳልሆነ፣ ከከባዱ ድርቀት ይልቅ ቀላሉና የሚለመደው ድርቀት ብዙ እስስት እንደሚገድል እንድናውቅላቸው ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። 2ኛዋ መላሽ በምላሽ 28 አጽናናቻቸው፤ በዚያው ጽሑፍ ስለ ስሪንጁ የመከረችውን መልሳ እንደምትወስድ አስታወቀች። 3ኛውም ስለ አነጋገሩ ይቅርታ ጠየቃት።

ምላሽ 29 የእኔ ነው። ራጁ ላይ እንቁላሎቹ እንደ ወይን ዘለላ ተደርድረው ታዩ። ሐኪሙ ሁለት ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ፈሳሽ ከቆዳዋ ሥር ሰጥቶ፣ ካልሲየም ጨምሮ፣ ገና አቅም ስላላት በራሷ ትጣል ብሎ መለሰልኝ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ካልጣለች ግን ቀዶ ሕክምና ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ባልዲ፣ ሲቆፈር ዋሻው እንዳይናድ ተደርጎ በረጠበ አሸዋና አፈር ሞልቼ አስገባሁላት። ማቆያውን በጨርቅ ጋረድኩት፤ በአንዲት ቀዳዳ ብቻ አይ ነበር። ሌሊቱን ከላይ የጠብታ ማውረጃ ሳንጠለጥልላት አደርኩ፤ በየሁለት ሰከንዱ አንድ ጠብታ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ራሷን ወደ ውስጥ ሰዳ ጅራቷ ብቻ ከአፈሩ ውጭ ቀርቶ ነበር። ማታ ላይ ቀዳዳውን በኋላ እግሮቿ ስትደፍን አየኋት። 34 እንቁላል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለአርባ ደቂቃ ያህል ሳታቋርጥ ጠጣች። የቀኝ ዓይኗ የሞላው በሦስተኛው ቀን ነው። እንቁላሉን ስለጣለች ሚዛኑ መጀመሪያ 78 ግራም ላይ ወርዶ ነበር፤ ዛሬ በሦስተኛው ሳምንት 91 ነው። ኩሷ ነጭ ነው፤ ጫፉ ላይ ብቻ ጥቂት ቢጫ አለው። ከማቆያው አራት ጎን ሁለቱን በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ፤ መብራቱን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ 29 ዲግሪ ላይ አቁሜዋለሁ፤ ንጋትና ምሽት ስምንት ስምንት ደቂቃ ይረጫል፤ ሳህኑን አውጥቼዋለሁ።

ምላሽ 30 ገና አዲስ እስስት ያመጣ ወጣት ነው፤ ክሩን ሁሉ አንብቦ፣ የጠብታ ማውረጃው ውሃ የሚወርድበትን ቦታ እስስቱ ካላወቀውስ ብሎ ጠየቀ። ጠብታው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቅጠል ላይ፣ እሱ ጠዋት ከሚሞቅበት ቅርንጫፍ አጠገብ ይውረድለት፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራቅ ብለህ ቆይ፤ ወለሉ ላይም ነጭ ወረቀት አንጥፍ ብዬ መለስኩለት።